የአያ ጅቦ የቋንጣ ጌጥ

አንድ ጊዜ፣ ዝናቡ ሲጥል ከከረመ በኋላ፣ ጳጉሜ በገባች በመጀመሪያው ቀን፣ የጫካው ንጉሥ አንበሳ እንስሳቱን ሁሉ ሰብስቦ እንዲህ አለ።

«አዲስ ዓመት ደርሷል። ዘንድሮ በዓሉን በቤቴ አላከብርም። በመስከረም አንድ ጠዋት ቤት ለቤት እዞራለሁ። በገዛ እጁ በሠራው ጌጥ ቤቱን ያሳመረ ካለ፣ በሬዬን እዚያ አርጄ እበላለሁ። እኔ ከጠገብኩ በኋላ የቀረው የባለቤቱ ነው። እስከ በዓሉ ማታ ድረስ ማንም ማንንም አይበላም። የሰማህ ላልሰማ አሰማ።»

አያ ጅቦ ከሁሉም ኋላ ቆሞ ነበር። ከንግግሩ ውስጥ ጆሮው የያዘው «የቀረው የባለቤቱ ነው» የሚለውን ብቻ ነው። አያ ጅቦ በማሰብ አይታማም፤ የሥጋ ነገር ሲሆን ግን ማንም አይቀድመውም። ንጉሡ ጭኑን ቢበላ፣ ሽንጡንም ቢበላ፣ አንጀቱ ይቀራል፣ ጨጓራው ይቀራል፣ ቆዳው ይቀራል፣ አጥንቱማ እንዳለ ይቀራል። ምራቁ እስከ ጉልበቱ ወረደ። አጠገቡ የነበሩት ሲያዩት «ዝናብ ነው» ብሎ ጠረገው። ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር።

በማግሥቱ ማልዶ ሜዳ ወረደና ሰንበሌጥ አጭዶ መጣ። ሣር ጎንጉኖ በቤቱ ምሰሶ ላይ ሊጠመጥም አስቧል። ነገር ግን የአያ ጅቦ ጥርስ የተፈጠረው ለመስበር ነው። አንዱን ሣር በጥርሱ ይዞ ሌላውን ሊያጥፍበት ሲሞክር ሁለቱም ይበጠሳሉ። ረፋድ ላይ እመት ቀበሮ ስትመጣ፣ በተቆራረጠ ሣር ተከቦ ተቀምጦ አገኘችው።

«አያ ጅቦ፣ ምን እያደረግህ ነው?»

«ጉንጉን እየሠራሁ።»

«እኔ ደግሞ አመመህና አስመለሰህ ብዬ ደንግጬ ነበር።»

አያ ጅቦ ቅር አለው። «እጄ እንቢ አለኝ፣ እመት ቀበሮ። በሬው ሊያመልጠኝ ነው።»

«ጥፋቱ የእጅህ አይደለም፤ የሣሩ ነው» አለች እመት ቀበሮ፣ አጠገቡ ቁጢጥ ብላ። «ሣርማ ሁሉም ይሠራል። ደግሞስ አንበሳ ሣር አይቶ ምን ሊለው? እጅ የሚታዘዘው ልብ ለወደደው ነገር ነው። አንተ የምትወደው ምንድን ነው?»

«ሥጋ» አለ አያ ጅቦ፣ ጥያቄው ሳያልቅ።

«እንግዲያው ቋንጣ ዘልዝልና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አንጠልጥለው። በዚህ ጫካ ቀይ ጌጥ ያለው ማን ነው? ማንም።»

እመት ቀበሮ ይህን የመከረችው ለአያ ጅቦ አዝና አይደለም። በሬውን እሷም ፈልጋዋለች። ጌጡን የሚበላ ተወዳዳሪ ደግሞ ከተወዳዳሪ ሁሉ የተመረጠ ነው።

አያ ጅቦ ደራሽ ውኃ የገደለው በሬ ከጓሮው ነበረው። ሥጋውን አውጥቶ ይዘለዝል ጀመር። እውነቱን ለመናገር መዘልዘሉን ተክኖበታል። ቀጭን፣ ረጅም፣ እኩል እኩል አድርጎ ሐረግ ላይ አንጠለጠለው፤ ከሥሩም ጭስ አጨሰበት። ከዚያ ወደ ኋላ ራቅ ብሎ ተመለከተ። ቤቱ አምሮበታል። በሕይወቱ የሚበላ ነገር ሠርቶ ሳይበላ ሲያየው ይህ የመጀመሪያው ነው፤ ደረቱ በኩራት ተነፋ።

ብቻ አንደኛዋ ቋንጣ ከሌሎቹ ትንሽ ረዘም ብላለች።

«ይህቺ መልኩን ታበላሽብኛለች» አለና ጫፏን በጥርሱ ቆረጠ። አሁን ደግሞ አጠረች። ከእሷ ጋር እኩል እንዲሆኑ የጎረቤቶቿንም ጫፍ ቆረጠ። እነሱ በጣም አጠሩ። ሲያስተካክል፣ ሲያስተካክል፣ ጀንበር ሳትጠልቅ ሐረጉ ባዶውን ቀረ። ባዶ ሐረግ መቼም እኩል ነው።

በሦስተኛው ቀን እንደገና ዘለዘለ፤ እንደገና አስተካከለ። ያን ጊዜ ራሱን ታዘበ። በጓሮው የቀረው ሥጋ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚበቃ ነው፤ ይህም ካለቀ የንጉሡን በሬ በሕልሙ ነው የሚያየው። ስለዚህ አራተኛ ቀን ላይ የመጨረሻውን ቋንጣ እንደሰቀለ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ከቤቱ ወጣና ወደ ጎረቤቱ ወደ እመት አህዪት ሮጠ።

እመት አህዪትም ተክዛ ቆማ ነበር። ከሰንበሌጥ ቀለበት እየሠራች፣ በየቀለበቱ አደይ አበባ ትሰካለች። ሥራዋ ጥሩ ነው፤ ዓመቱን ሙሉ ሸክም ብቻ የምታውቅ ስለሆነች፣ ንጉሥ ደጇን ቢረግጥ ምን ያህል እንደምትከበር እያሰበች ነው የምትሠራው። ግን ከሠራቻቸው ሃያ ቀለበቶች የቀሩት ስድስት ናቸው።

«ቀለበቱን ስጨርስ ጫፉ ይተርፋል» አለች አፍራ። «ጫፉን ስነክስ ቀለበቱ ተከትሎኝ ይገባል።»

«እኔ ሣር አልበላም» አለ አያ ጅቦ። «አንቺ ሥጋ አትበዪም። አንቺ የኔን ቤት ጠብቂ፣ እኔ ያንቺን ልጠብቅ።»

አህዪት ጆሮዋን አቆመች። «ከሣርና ከሥጋ ሌላ እኔንም ትበላለህ እኮ።»

«እስከ በዓሉ አልበላሽም። የንጉሡ ቃል አለ።»

«ከበዓሉ በኋላስ?»

«አሁን የምናወራው ስለ ጌጥ ነው።»

ተስማሙ። አያ ጅቦ ከመለያየታቸው በፊት አጥብቆ አስጠነቀቃት። «ማንም ቢመጣ እንዳትከፍቺ። እኔ ራሴ ብመጣ፣ ብለምንሽ፣ ባለቅስ እንኳ እንዳትከፍቺ።»

«እሺ» አለች። አህያ አንዴ እሺ ካለች ደግሞ አለች ነው።

ነገሩ ሠመረ። ያን ቀን ውሎ፣ አድሮም፣ ቋንጣው እንደተሰቀለ ነው፤ ቀለበቶቹም እንደዚያው። አያ ጅቦ በሣር መሃል ተኝቶ የበሬ አጥንት እያለመ አደረ። በዓመቱ የመጨረሻ ቀን ከሰዓት በኋላ ግን እመት ቀበሮ የአህዪትን በር አንኳኳች።

«አያ ጅቦ፣ በርታ እንጂ። አሁንስ በሬው ያንተ ነው ይላሉ» አለች። «ብቻ አንድ ነገር ከነከነኝ። ክረምት አይደለም ወይ? ቋንጣው ውስጡ ደርቆ ይሆን?»

«ጭስ አጭሼበታለሁ።»

«ከላይማ ይደርቃል። ውስጡ ሻግቶ ንጉሡ ቢሸተው ምን ይውጥሃል? እኔ ምን አገባኝ፤ ጌጡ ያንተ ነው።» ይህን ብላ መንገዷን ቀጠለች።

አያ ጅቦ ለመቀመጥ ሞከረ። አልሆነለትም። በቀጥታ ወደ ቤቱ ሄዶ በሩን ደበደበ።

«ማነው?» አለች አህዪት ከውስጥ።

«እኔ ነኝ፣ ጅቦ። ክፈቺ።»

«አያ ጅቦ ቢመጣ እንዳልከፍት አያ ጅቦ ነግሮኛል።»

«ያኔ ስለ ሻጋታው አላሰብኩም ነበር። አንዲት ብቻ ቀምሼ እመለሳለሁ።»

«ቢለምንሽ እንኳ ብሎኛል።»

አያ ጅቦ ጥቂት አሰበ። «እንግዲያው ጅቦ አይደለሁም።»

«ጅቦ ካልሆንክማ ለማላውቅህ ምን ብዬ ልከፍት?»

አለቀሰ። «እሱንም ብሎኛል» አለች አህዪት።

አያ ጅቦ ዕንባውን ጠረገና በቤቱ ጀርባ ዞረ። ጭቃውን ቧጠጠ፣ ማገሩን ነክሶ ነቀለ። ባለፈው ሣር ማጠፍ ያቃተው ያ ጥርስ፣ ግድግዳውን አፍታ ባልሞላ ጊዜ ቀደደው። አህዪት ከበሩ ውስጥ በኩል ቆማ በተቀደደው በኩል ሲገባ ተመለከተችውና «በበሩ አላስገባሁህም፤ ቃሌን ጠብቄአለሁ» ብላ ሄደች።

አያ ጅቦ አንዲት ቋንጣ ቀመሰ። ደርቃለች። የሷ መድረቅ ግን ስለ ሁለተኛዋ ምን ማረጋገጫ ነው? ሁለተኛዋንም ቀመሰ። ሦስተኛዋን ሲቀምስ ስለ ሻጋታ ማሰብ ትቶ ነበር። የመጨረሻዋ ላይ ሲደርስ በሬው ትዝ አለው፤ አንጀቱ፣ ጨጓራው፣ አጥንቱ። አፉን ከፍቶ ቆመ። ከዚያ «ደግሞ አንዲት ቋንጣ ብቻዋን ጌጥ ትባላለች እንዴ?» አለና እሷንም ዋጣት።

እመት አህዪት ቤቷ ስትደርስ ልቧ በንዴት ይመታ ነበር። ንዴቷ እስኪበርድ አንድ ቀለበት አኘከች። ንዴቷ የበረደው በስድስተኛው ነው።

በመስከረም አንድ ጠዋት አንበሳ ከነአጀቡ መጣ። በአህዪት ቤት ወለሉ ላይ አንድ የአደይ አበባ ቅጠል ወድቆ አየና አለፈ። ከዚያ የአያ ጅቦ ቤት ደረሰ።

«ይህ ምንድን ነው?» አለ ቀና ብሎ።

«ሐረግ ነው፣ ጌታዬ።»

«ሐረጉንማ አየሁት። ጌጡ የታለ?»

አያ ጅቦ እግሩን አየ።

«ግድግዳውስ ምን ሆኖ ነው?»

«ለበዓሉ ብዬ ያወጣሁት መስኮት ነው፣ ጌታዬ።»

እመት ቀበሮ ከአጀቡ መሃል ጉሮሮዋን ጠረገች። «ጌታዬ፣ አያ ጅቦን አይውቀሱት። በደንብ አስጊጧል፤ ብቻ ሌላው ከውጭ ሲያስጌጥ እሱ ያስጌጠው ከውስጥ ነው» አለችና የተነፋ ሆዱን አሳየች። እንስሳቱ በሳቅ ፈነዱ። አንበሳም ጢሙን ነካ ነካ አድርጎ ሳቁን ደበቀ።

የእመት ቀበሮ ቤት የመጨረሻው ነበር። በተሰነጠቀ ቅል ውስጥ አምስት አደይ አበባ ቆሟል፤ አንዱ ጎብጧል። ቅሉ ላይ በከሰል የተሣለች ፀሐይ አለች፤ ፀሐይ መሆኗን ያወቁት እመት ቀበሮ ስለነገረቻቸው ነው።

«ይህ ብቻ?» አለ አንበሳ።

«ይህ ብቻ፣ ጌታዬ። ግን አለ።»

አንበሳ በሬውን እዚያ አሳረደ።

ከሰዓት በኋላ የሥጋው ሽታ መንደሩን ሲሞላው አያ ጅቦ መቋቋም አቃተው። በአዲስ ዓመት አበባ ይዘው የሚዞሩ ልጆች ከየቤቱ ባዶ እጃቸውን እንደማይመለሱ ያውቃል። ሜዳ ወርዶ አንድ እፍኝ አደይ በጠሰና፣ አንገቱን ሰበር አድርጎ በእመት ቀበሮ ደጅ ቆመ።

«እንኳን አደረሰሽ» አለ፣ ድምፁን አቅጥኖ።

እመት ቀበሮ አበባውን ተቀብላ ቅሏ ውስጥ ጨመረችው። ከዚያ አንድ ቁራሽ ዳቦ አምጥታ በእጁ አኖረችለት።

«አጥንት የለም?» አለ በሹክሹክታ።

«አበባ ላመጣ ዳቦ ነው የሚሰጠው። ጥሬ ሥጋ ለልጅ አይሆንም፣ ሆድ ያማል።»

«ማነው?» አለ አንበሳ ከውስጥ፣ እያላመጠ።

«የጎረቤት ልጆች ናቸው፣ ጌታዬ» አለች እመት ቀበሮና በሩን ዘጋች።

ከዚህ የምንማረው ሆዱን ማዘዝ ያልቻለ ሰው፣ በሩን ለታማኝ ጠባቂ ቢሰጥም እንኳ የገዛ ግድግዳውን አፍርሶ እንደሚገባ ነው።