የአቶ ጥሩነህ አቆጣጠር

አንድ ቀን በላቸው የሚባል አጥቂ ለወርካ ሜዳ እግር ኳስ ቡድን ሊፈርም ወደ ክለቡ ፕሬዚዳንት ቢሮ ገባ። ወርካ ሜዳና ሸንበቆ በር አንድ ድልድይ የሚያገናኛቸው ከተሞች ናቸው። ድልድዩ ግን የሁለት ክልል ድንበር ስለሆነ ግብራቸው ለየብቻ ነው። ሸንበቆ በር ከተጫዋች ደመወዝ አንድ አስረኛውን ብቻ ይወስዳል። ወርካ ሜዳ ደግሞ ግብሩ ሳያንስ የመንገድ መዋጮ አለው፣ የስታዲየም መዋጮ አለው፣ ላልተሠራው ስታዲየምም የአጥር መዋጮ አለው። ስለዚህ ከወርካ ሜዳ ልጆች ኳስ የቻለ ሁሉ ድልድዩን ተሻግሮ ለጎረቤት ይጫወታል። አምና እንኳ በረኛው ሄዷል። በላቸው የቀረው አባቱ ለዚሁ ቡድን ተጫውተው ስላለፉ፣ ማልያውን መተው አንጀቱ እምቢ ስላለው ነው።

ፕሬዚዳንቱ አቶ ጥሩነህ የማያውቁት ነገር የለም፤ የማያውቁትንም ቢሆን ያስረዳሉ።

«ስልሳ ሺህ» አሉት። «ሸንበቆ በር ለአጥቂው የሚከፍለው ስልሳ ሺህ ነው። እኛም ከማንም አናንስም።»

«ሲጣራ ስንት ይደርሰኛል፣ ጋሽ ጥሩነህ?»

«እሱን ለምን እኔን ትጠይቀኛለህ?»

«የማዶው አጥቂ ሃምሳ አራት ሺህ እጁ ይገባል። እኔ ሠላሳ አምስት ባገኝ ነው። ሚስቴ ልትወልድ ነው፤ ያለንባት ክፍል ደግሞ ለሁለታችንም አልበቃችም። ልዩነቱን ክለቡ ቢችልልኝ ብዬ ነው።»

አቶ ጥሩነህ መነጽራቸውን አውልቀው በትዕግሥት አስረዱት።

«ስማ ልጄ፣ እኔ የምቆጥረው ከእጄ የወጣውን ነው። ከእጄ የወጣው ስልሳ ነው። መንገድ ላይ የቀረውን፣ የወሰደውን ጠይቅ።»

በላቸው ትንሽ አሰበና ፈረመ።

ሁለቱ ጎረቤቶች የተገናኙ ዕለት የከተማው ሰው ሁሉ ሜዳው ዳር ነበር። በላቸው ከደቂቃ አንድ ጀምሮ ሲሮጥ ዋለ። ሰባት ጊዜ ወደ ግብ መታ፤ የሸንበቆ በር በረኛ ሰባቱንም ያዘበት። ወርካ ሜዳ አንድ ለዜሮ ተሸነፈ።

አቶ ጥሩነህ ከክብር ወንበራቸው ተነሥተው ሜዳው ድረስ ወረዱ። በረኛውም ጓንቱን እያወለቀ እዚያው ቆሟል።

«በል እንጂ» አሉት በላቸውን፣ ሰው እንዲሰማ ጮክ ብለው። «ስልሳ ሺህ የምከፍልህ አጥቂ ነህ። ለመሆኑ ዛሬ ስንት አገባህ?»

በላቸው ላቡን በማልያው ጠረገ።

«እኔ የምቆጥረው ከእግሬ የወጣውን ነው፣ ጋሽ ጥሩነህ። ከእግሬ የወጣው ሰባት ነው። መንገድ ላይ የቀረውን፣ የወሰደውን ይጠይቁ፤ ይኸው አጠገብዎ ቆሟል፣ አምና የእርስዎ በረኛ ነበር።»

በማግስቱ የበላቸው ውል እንደገና ተጻፈ፤ በዚህኛው ላይ የተቆጠረው እጁ የሚገባው ነበር።