ሐጅ የሄደችው እናት

በአንዲት ጥንታዊት የግንብ ከተማ ሸህ ሙዘይን የሚባሉ አዛውንት ነበሩ። አርባ ዓመት ለልጆች ቁርኣን አቅርተዋል፤ ቃላቸው የታመነ ነበር። አንድያ ልጃቸው ታማ ወደ አኺራ ስትሄድ፣ የሦስት ዓመቷ የልጅ ልጃቸው ሩመይሳ በእጃቸው ቀረች። ቤቱ ለሁለት ሰው ሰፋ።

በዚያ አገር ለሕፃን መርዶ አይነገርም። ለተዕዚያ፣ ሊያጽናና የመጣው ሁሉ «እናትሽ ሐጅ ሄዳለች» አላት። እኒያ በቃላቸው የታመኑት ሸህም፣ አላህ ይማራቸውና፣ አንጀታቸው አልችል ብሎ «አዎ፣ ሐጅ ናት» አሏት። ስታለቅስም «ሰብር አድርጊ፣ ታገሺ» ይሏታል። በሦስት ዓመቷ ሰብር! እሷም ለቅሶዋን ተወች። እናቷን እየጠበቀች ደጃፍ ላይ መዋል ለመደች።

ወራት አልፈው ሑጃጆቹ በድቤና በመንዙማ ተመለሱ። ሩመይሳ ሮጣ ወጥታ የሴቶቹን ፊት አንድ በአንድ አየች። እናቷ የለችም። ከሑጃጆቹ ጋር የተመለሰችው የሸሁ ታናሽ እህት ሐጃ ዙበይዳ ልትስማት ጎንበስ ስትል፣ ደም እስኪወጣ እጇን ነከሰቻት።

«ይቺን ልጅ ጂን ለክፏታል» አለች ሐጃ ዙበይዳ። «ነገ ወደ አገሬ ወስጄ ለፈውስ የሚቀራውን ሩቅያ አስቀራላታለሁ። እርስዎም ደክመዋል፣ አይችሏትም።»

ሸሁ ብቻቸውን የሚቀሩበት ባዶ ቤት ታያቸው። ይበልጥ የከበዳቸው ግን ሌላ ነው፤ የለከፋት የእሳቸው ውሸት መሆኑን አወቁ። መሬት ላይ ቁጭ ብለው አቀፏት።

«ሩመይሳ፣ ዋሽቼሻለሁ። እናትሽ ሞታለች። ከእንግዲህ ወደዚህ አትመለስም።»

ልጅቷ ልብሳቸውን ጨምድዳ ያዘች።

«የቱ ጋ ያምሻል?»

ደረቷን አሳየቻቸው።

«እሱ ሐዘን ይባላል። እኔም ጋ አለ» ብለው ትንሿን እጇን ደረታቸው ላይ አደረጉ።

«አባባ፣ ያንተም ይናከሳል?»

«ይናከሳል፣ ልጄ።»

ይሄኔ በቀብሩ ቀን እንባ ያልወጣቸው ሰው ተንሰቅስቀው አለቀሱ። እሷም «ሐዘን መጣ፣ አባባ» እያለች አብራ አለቀሰች።

ሐጃ ዙበይዳ የልጅቷን ልብስ መሸከፍ ትታ ቆመች።

«ጂን አልነበረም፣ እህቴ» አሏት። «ስሙን ያላስተማርናትን ሐዘን በጥርሷ ነገረችን።»

ሩመይሳም ከአያቷ ጋር ቀረች።

ወገኖቼ፣ ለሕፃን የምንዋሸው ለእሱ አዝነን ይመስለናል። እንባውን ማየት ፈርተን ነው። ነቢያችን ﷺ ሕፃኑ ልጃቸው ኢብራሂም ሲሞት አልቅሰዋል፤ ልባቸው ማዘኑንም በአንደበታቸው ተናግረዋል። ታዲያ እኛ ለልጅ የምናስተምረው የማንን ሰብር ነው?

ያ ቤት ከዚያም በኋላ ጭር እንዳለ ነበር። ለቅሶ ሲመጣባቸው ግን አንዳቸው ሌላውን ይጠሩ ነበር።