የተረፈችው ጠጠር

ፊታውራሪ ይመኑ ምላሱ እንደ እሾህ የሚወጋቸው አንድ አጋፋሪ ነበራቸው። ይህ አጋፋሪ ድግስ ባለ ቁጥር በእንግዳው ልክ ጠጠር ይቆጥርና ማን የት እንደሚቀመጥ አስቀድሞ ይደለድላል፤ ተሳስቶ አያውቅም። ታዲያ አንድ ቀን ፊታውራሪው ሊያዋርዱት ፈልገው በእንግዶቻቸው ፊት አስጠሩት።

«እኔን ጨምሮ ሠላሳ አንድ ነን። በየገበታው እኩል እኩል አድርገህ አስቀምጠን። ማንም ለብቻው አይብላ፤ ሁላችንንም ባንድ ገበታ አታጭቀን። ካንዱ ገበታ የሌላው በአንድ ሰው ቢበልጥ አርባ ጅራፍ ትቀምሳለህ!»

አጋፋሪው ሠላሳ አንድ ጠጠር መሬት ላይ ዘረገፈ። ለሁለት ቢከፍል አንድ ተረፈችው። ለሦስት ቢከፍልም አንድ ተረፈች። ለአምስት ቢሞክር ያቺው አንድ! ጅራፉ ከወዲሁ ጀርባውን ይለበልበው ጀመር። እንግዳው ይስቃል፤ ፊታውራሪው ጢማቸውን ያፍተለትላሉ።

«ምነው፣ ያ ምላስህ ዛሬ የት ሄደ?» አሉት።

አጋፋሪው የተረፈችውን ጠጠር አንሥቶ ትክ ብሎ አያትና ፊቱ ፈካ።

«ጌታዬ፣ ሠላሳው ሰውስ አላስቸገረኝም። ለሁለትም፣ ለሦስትም፣ ለአምስትም ብከፍለው እኩል ሆኖ ይቀመጥልኛል።» ጠጠሯን በሁለት እጁ ይዞ፣ እጅ ነሥቶ፣ ከፊታውራሪው እግር ሥር አኖራት። «ሰው ሁሉ እኩል እንዳይሆን ያደረጉት እርስዎ ብቻዎን ነዎት።»