አንጓች ትየው

ይህ ጥላው የሚያሳርፋችሁ ዋርካ ገና ችግኝ ሳለ ነው። ድንጓራ በምትባል መንደር አንጓች የምትባል ሴት ነበረች። ባል የላት፣ ልጅ የላት፣ መሬት የላት። ሥራዋ ከምንጭ ውሃ እየቀዳች በቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሥር ለሚኖሩ አረጋውያን ማድረስ ነበር። እነሱም ቆብ ጭነው በየጎጆአቸው ቀናቸውን የሚጠብቁ ናቸው። የሚመግባቸው መንደሩ ነው።

ምግቡንስ ብትሉ! የሽማግሌ ክብሩ ድፎ ዳቦ ነው፤ ወፍራም፣ ቅርፊቱ ሲያንኳኩት የሚጮህ። ቆሎም ይታከልበታል። ገንፎና አጥሚት የአራስ ነው፤ ለመነኩሴ መላክ ስድብ ነው።

አንጓችን ግን አንድ ነገር አላስቀምጥ አላት። አገልግሉ ባዶውን ይመለሳል፤ አባቶች ግን ይከሳሉ። «እርጅና ነው» ይላል ሰው። «ጾሙ ነው፣ ጸሎቱ ነው» ይላል። እሷ ደግሞ የአጥሩን ውሾች ታያለች። ውሾቹ ለምን ወፈሩ?

አንድ ቀን ከአባ ገብረ ጽጌ ጎጆ ጀርባ ቆማ አጮለቀች። አባ የጭቃ ሹሙ የደምለው አባት ናቸው። የዳቦውን ልብ በጣታቸው ጎርጉረው ቀመሱ፤ ቅርፊቱን ለውሻ ጣሉት። ለካ ጥርስ የላቸውም! ልጃቸው እንዳይከፋው «ጠገብኩ» እያሉ ነው የሚኖሩት።

አንጓች አጥሚት ሠርታ ይዛላቸው ሄደች።

«እኔ አራስ ነኝ?» አሉ አባ፤ ፊታቸውን አዞሩ።

እሷም ቁጭ ብላ ራሷ ጠጣችው። ሌላ ቀንም መጥታ ፊታቸው ጠጣች። እየዋለ ሲያድር አባ «እስቲ ምን ቢጥምሽ ነው?» ብለው እጃቸውን ዘረጉ። ጠጡ፤ ትን አላቸው። ቀጥኖ ነበር። የተወቀጠ ተልባ ጨምራ አወፈረችው፤ ወረደላቸው። እንዴት ነው ነገሩ? ማን ምን ይውጣል? ከዚያ ወዲያ በየጎጆው እየዞረች ሲበሉ ጉሮሮ ጉሮሮአቸውን ታያለች። ለአንዱ ታወፍራለች፣ ለአንዱ ታቀጥናለች፣ ለሌላው ፍትፍት ታላቁጣለች። የአባቶችም ጉንጭ ሞላ።

ሰው ሲበላ አፍ አፉን የምታይ ሴት ግን ምን እንደምትባል ታውቃላችሁ። «ቡዳ ናት» ተባለች። ደምለውም ሰማ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ለአባቱ ሰግቶ ነው። «ይህን አጥር ብታልፊ ከአገር ትወጫለሽ» አላት። አባቱ ሲበሉ ጋቢውን ዘርግቶ ይጋርዳቸዋል፤ እሱም ለክብራቸው ፊቱን ያዞራል። አንጓች ከአጥሩ በታች፣ ምንጩ ዳር ተቀምጣ ታስባለች። ስሟ መጥፋቱ አይደለም ያስጨነቃት። አሁን ማን ያይላቸዋል?

የፋሲካ ዕለት ደምለው ትልቁን ዳቦ ይዞ መጣ። ቆረሰላቸው፤ ጋረዳቸው፤ ፊቱን አዞረ። ከጋቢው በስተጀርባ አንድ ድምፅ ተሰማ፤ ከዚያ ዝም። ደምለው አላየም፤ ነውር ነዋ! በኋላ አባ ጋቢውን ከወዲያ ጨምድደው ሲጎትቱት ዞሮ ገለጠው። አባ ፊታቸው ጠቁሯል። ደምለው ጮኸ። የጠራው ስም የዚያችኑ «ቡዳ» ስም ነበር።

«አንጓች! ድረሽልኝ!»

እንስራዋን ጥላ አጥሩን አለፈች። አባን ወደ ፊት ደፍታ ጀርባቸውን መታች። ቅርፊቱ ወጣ።

አባ ትንፋሻቸው ሲመለስ ጋቢውን ከልጃቸው እጅ ነጥቀው ወረወሩት። «እዪኝ፣ ልጄ» አሏት አንጓችን። «የሚያየኝ አጥቼ ልሞት ነበር።»

ደምለው እግሯ ላይ ወደቀ።

«ይነሱ ጌታዬ፤ ይልቅ ተልባውን ያቀብሉኝ» አለችው።

አንጓች ከሞተች ስንት ዘመኗ! መቃብሯን እንኳ የሚያውቅ የለም። በሌላው አገር ትልቅ ሰው ሲበላ ይጋረዳል። ድንጓራ ግን ሽማግሌ ማዕድ ሲቀርብለት አባወራው ጋቢውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ ያነጥፋል። «አንጓች ትየው» ይላል። ከቤተሰቡም አንዱ ፊት ለፊት ይቀመጣል። ሽማግሌው እጁን ወደ ማዕዱ የሚሰደው ከዚያ በኋላ ነው።

በሉ፣ የእኔንም ምሳ አምጡልኝ። ፊታችሁን እንዳታዞሩ።