የጥድ አፋፍ ፍልጥ ምሰሶ

በጥድ አፋፍ «እነ እገሌ ተፋለጡ» ሲባል የሰማ እንግዳ ነገሩ የገባው መስሎት እንዳይቸኩል። ሰዎቹ ተጣልተው ተለያይተው ይሆናል፤ ታርቀው አንድ ሆነውም ይሆናል። ሌላው አገር ግንድ ይፈልጣል፣ በዚያው ያበቃል፤ የዚህ አገር ሰው ግን ፈልጦ መልሶ ያስራል፣ ቃሉም ሁለቱንም ሥራ ይዞ ቀርቷል። ነገሩ የጀመረው በሁለት ወንድማማቾች ነው ይባላል።

እንደሚነገረው፣ የጓንጉልና የደምለው አባት ለቤት ምሰሶ ብሎ ቆርጦ ያደረቀውን አንድ የጥድ ግንድ ትቶላቸው ሞተ። መሬቱን ያለ ኩርፊያ የተካፈሉት ልጆች በዚህ ግንድ ተናነቁ። ሁለቱም አዲስ ጎጆ ሊቀልሱ ነበርና ጓንጉል «ታላቅ እኔ ነኝ» ሲል፣ ደምለው «ከአባቴ ጋር ከጫካ የጎተትኩት እኔ ነኝ» አለ፤ ሽማግሌዎቹ ለምነው ለምነው ሲታክታቸው፣ እንግዲያው ፈልጣችሁ ተካፈሉት ብለው ፈረዱ። ከሽማግሌ የሚጠበቅ ፍርድ አልነበረም፤ ግን ሽማግሌም ይደክመዋል።

ግንዱ በሽብልቅ ተፈለጠና እኩሌታው ለዚህ፣ እኩሌታው ለዚያ ሆነ። ሁለቱም ጎጆ ቀለሱ፤ የሣሩ ክዳን ሲጫንባቸው ግን ሁለቱም ምሰሶዎች ጎበጡ። ክረምቱ ደርሷል፣ የደምለው ሚስት እንኳየም ወሯ ገብቷል። ደምለው ጣራው ቢወድቅበት እንኳ ወንድሙን የሚለምን ሰው አልነበረም። ስለዚህ እንኳየ ራሷ ሆዷን ደግፋ ጓንጉል ደጅ ሄደች።

«ጋሼ፣ የሚወለደው የእርስዎም ደም ነው። ዝናብ ላይ ልውለደው?» አለችው።

ጓንጉል የራሱን ጎጆ አፍርሶ እኩሌታ ምሰሶውን ተሸክሞ መጣና ከደምለው እኩሌታ ጋር ገጠመው። «ጫፉን ያዝ» ብሎ እርጥብ ጠፍር ወረወረለት፤ ደምለውም ያዘ። ጠፍሩ እየደረቀ ሲሄድ ግንዱን ጨምድዶ ያዘው፤ ሁለቱ ቤተሰቦችም በዚያ ምሰሶ ሥር ከረሙ፣ ልጁም በደረቅ መሬት ተወለደ። ወንድማማቾቹ ይቅር ተባብለዋል የሚል ሰው የለም። ጠፍሩ በላላ ቁጥር ግን ሳይጠራሩ መጥተው ጫፍና ጫፉን ይዘው ያጠብቁት ነበር ይባላል።

ዛሬም በጥድ አፋፍ ቤት የሚሠራ ሰው ምሰሶው የቱንም ያህል ደህና ቢሆን ይፈልጠዋል፤ መልሶ ሲያስረውም ሌላውን ጫፍ የሚይዝለት ያኮረፈው ሰው ነውና፣ ሄዶ ይጠራዋል። አንዳንዱ እያጉረመረመ፣ አንዳንዱም እየተሳደበ ይመጣል። አልመጣም ብሎ የሰው ቤት ያስቀረ ግን እስካሁን አልተሰማም።