ባሻ እንግዳሸትና ያልሞቱት የባትሪ ድንጋዮች

ከአባቶቻችን አፍ የለቀምነው ወግ ነው፤ ጨው በዝቶበት ከሆነ የጨመርነው እኛ ነን።

ባሻ እንግዳሸት የሞጣ ሰው ነበሩ፤ ምላሳቸው ምላጭ። አንድ ዘመን መንገድ ቀያሾች መጥተው ከተማዋ ዳር ድንኳን ተከሉ። የመለኪያ መሣሪያቸው የሚሠራው ሊቲየም በሚባል ድንቡሽቡሽ ያለ የባትሪ ድንጋይ ነበር። ሥራ መሃል እንዳይጠፋባቸው ስለሚፈሩ፣ ድንጋዩን ገና ግማሽ ጉልበት እያለው አውጥተው ይጥሉታል። ባሻ ይህን አዩና «የምትጥሉትን ለእኔ ስጡኝ» አሉ።

የቀያሾቹ መሐንዲስ ሳቀ። «አባባ፣ እኛ የጣልነው ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«እናንተ ስትጥሉት አየሁ እንጂ እሱ ሲሞት አላየሁም!»

መሐንዲሱ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ሳቁ ሲበርድለት የድንጋዮቹን ጉልበት በቴስተር እየለካ አስተማራቸው፦ አንድ የእጅ ባትሪ ውስጥ አብረው የሚገቡት ዓይነታቸውም ጉልበታቸውም እኩል የሆኑ ድንጋዮች ብቻ ናቸው፤ እኩያ ያጣ ደግሞ አንድ ድንጋይ በሚጎርስ ባትሪ ለብቻው ይሥራ። ሲሰነባበቱም አሮጌ ቴስተሩን መረቀላቸው።

ባሻ በደስታ እየዘለሉ ቤት ገቡ። እየለኩ፣ እኩያውን ከእኩያው እየለዩ፣ የእያንዳንዱን ጫፍና ጫፍ በፕላስተር እየለጠፉ በእንጨት ሳጥን ደረደሩ። ሚስታቸው እመት አጣሉ አላስችል አላቸው። «ምነው፣ አፉን ለምን ይለጉሙታል?»

«አንቺ ደግሞ! የእኔና የእናትሽ አፍ ሲገናኝ የሚነሣውን እሳት እያወቅሽ ትጠይቂኛለሽ?»

እመት አጣሉ ግን እጃቸው አያርፍም። የደከመ ድንጋይ ፀሐይ ሲሞቅ ይነቃል ሲባል ሰምተው፣ አንድ ቀን ሳጥኑን ገልብጠው ከበርበሬው ጎን አሰጡት። ባሻ ከገበያ ሲመለሱ አይተው ጋቢያቸውን ጥለው ሮጡ፤ አንድ በአንድ ለቅመው ጥላ ውስጥ አስገቡት።

«ጉልበቱ ይመለስ ብዬ እኮ ነው!» አሉ እመት አጣሉ ተቆጥተው።

«ፀሐይ የምትመልስለት ጉልበቱን አይደለም፣ ቁጣውን ነው!»

የባሻ ባትሪ ወሬ ጎረቤታቸው ግራዝማች ጓንጉል ዘንድ ደረሰ። ግራዝማች ሀብታም ናቸው፤ ግን ዝንብ ወተታቸው ላይ ብታርፍ እግሯን ሳይልሱ የማይለቁ። በስተርጅና ልጅ እግር ሚስት አግብተዋል። ሁለት ድንጋይ የሚጎርስ ባትሪያቸውን ይዘው መጡ። ባሻ እኩያሞች ለክተው ቢያቀርቡላቸው «አይ፣ እኔ አንድ አዲስ አለኝ፤ አንድ አሮጌ ብቻ ስጠኝና አጣምረዋለሁ» አሉ። ባሻ እምቢ አሉ። «ምን ይሆናል?» ብለው ግራዝማች ገነፈሉ።

«አዲስና አሮጌ ሲጣመር ማን ቀድሞ እንደሚያለከልክ እኔ ነኝ ለእርስዎ የምነግርዎ?»

እመት አጣሉ በሳቅ ወደቁ፤ ባሻም በራሳቸው ቀልድ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ግራዝማች በዚያ ሳቅ መሃል ከሳጥኑ አንዷን ላፍ አድርገው ወጡ።

በማግስቱ ግራዝማች አሮጌዋን ከአዲሱ ጋር አጣምረው ጎተራቸውን በባትሪው እያዩ ሳለ ባትሪው ጋለ፣ ከዚያም መጭስ ጀመረ። እየጮኹ ደጅ ወጡ። ባሻ ጩኸቱን ሰምተው ሲደርሱ፣ ግራዝማች የሚጨሰውን ባትሪ ከአንድ እጅ ወደ ሌላው እያገላበጡ ይዘላሉ።

«ይጣሉት! ከጭዱ አርቀው ይወርውሩት!» አሉ ባሻ።

«በገንዘቤ የገዛሁትን?»

«እንግዲያው እጅዎን ይጣሉት፤ እሱን በነፃ ነው ያገኙት!»

ግራዝማች ወረወሩት። ባዶው መሬት ላይ እንዳረፈ ጧ! አለ፤ ዶሮዎቹ ቆጥ ላይ ሰፈሩ። ባሻ የተሰበሰበውን ሰው ከጭሱ እየገፉ አራቁ። ከግራዝማች መዳፍ ቆዳ በቀር የተጎዳ አልነበረም።

ግራዝማች ግን ባሻን ከሰሱ፦ «ድንጋዩ ሊፈጀኝ ነበር፤ ይካሰኝ!» ችሎቱ በሰው ሞላ። ዳኛው ወደ ግራዝማች ዞረው «ድንጋዩን ባሻ ናቸው የሰጡዎት?» አሏቸው።

ግራዝማች ቁጣቸው ቀደማቸው። «እሱ? ለምኜው እንኳ ከለከለኝ እንጂ! አንዲት ድንጋይ ለሰው የማይሰጥ ክፉ ነው!»

ዳኛው ሳቃቸውን ለማፈን በመሐረብ ሳሉና «ባሻ፣ ምን ይላሉ?» አሉ።

ባሻ ጋቢያቸውን አስተካክለው ተነሡ።

«ክቡር ዳኛ፣ ሌባ የሚይዝ ውሻ ሳፈላልግ ነው የኖርሁት፤ ለካስ ሌባ የሚነክስ ድንጋይ ኖሮኛል!»