የሸረሪቷ በርና የነስሩ ሱሪ

በር ማለት ሊከፈት የሚችል የግድግዳ ክፍል ነው። መከፈት ካቃተው፣ የቱንም ያህል አምሮ ቢሠራ፣ ያው ግድግዳ ነው።

ይህን ጠንቅቃ የምታውቅ አንዲት ጉድጓድ ቆፋሪ ሸረሪት ከጊቤ ወንዝ ማዶ፣ ነስሩ በሚባል ሰው ቤት ግድግዳ ሥር ትኖር ነበር። የጉድጓዷን አፍ ከድርና ከአፈር በሠራችው ክብ ክዳን ትዘጋለች፤ ክዳኑ ማጠፊያ ሳይቀር አለው። የመንደሩ ሰው ረግጦት ያልፋል እንጂ አያውቀውም። ሲመሽ በሩን ገርበብ አድርጋ እራቷን ትጠብቃለች።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ ብትገፋው እምቢ አለ። በቆሎ የተጫነች አህያ ደክሟት ተኝታበታለች። ሸረሪቷ ደጋግማ ገፋች። ሆዷ ከጀርባዋ ተጣብቋል።

ጉንዳን በአጠገቧ ሲያልፍ ሰማችና በስንጥቁ ተጣራች። «ወንድም ጉንዳን፣ እባክህ ይህችን አህያ አስነሳልኝ። እራት ልበላ ነበር።»

«ምን ችግር አለው» አለ ጉንዳን። ሥራ ወዳድ ስለነበር እራቱ ምን እንደሆነ አልጠየቀም።

«እሜቴ አህያ፣ ተነሺ እንጂ።»

«ሸክሜን ሳያወርዱልኝ?» አለች አህያ።

አህያዋ አትነሳ፣ በሩ አይከፈት፣ እራት አይበላ።

ጉንዳን ወደ ባለቤቷ ሄደ። «ጋሽ ሽኩር፣ ያራግፉላት እንጂ።»

«ብቻዬን? የግራውን ሳወርድ የቀኙ ይዟት ይገለበጣል። ነስሩ መጥቶ በዚያ በኩል ይያዝልኝ።»

ሽኩር አያራግፍ፣ አህያዋ አትነሳ፣ በሩ አይከፈት፣ እራት አይበላ።

ነስሩ ጋቢ ተከናንቦ መደብ ላይ ተቀምጧል። «ጋሽ ነስሩ፣ ሽኩር ይርዳኝ ይላል።»

«ያለ ሱሪ? ያለኝ አንድ እሱ ነው፤ ታጥቦ ውጭ ተሰጥቷል። ዙበይዳ ታምጣልኝና እወጣለሁ።»

ሱሪው አይመጣ፣ ነስሩ አይወጣ፣ ሽኩር አያራግፍ፣ አህያዋ አትነሳ፣ በሩ አይከፈት፣ እራት አይበላ።

ሚስቱ ዙበይዳ የቤቱን በር በትከሻዋ ደግፋ ቆማለች። «እትዬ ዙበይዳ፣ ሱሪውን ቢያመጡለት።»

«አልወጣም። ግድግዳው ሥር የሚያንኳኳ አለ። ማነው ብዬ ስጠይቅ መልስ የለም። ማንነቱን ሳይናገር የሚያንኳኳ ነገር ደግ አይደለም።»

«ጅብ ይሆናል» አለ ነስሩ።

«ጅብ መቼ አንኳኩቶ ያውቃል? ወንድ ከሆንክ ወጥተህ እየው።»

«በምን ሱሪ?»

ዙበይዳ አትወጣ፣ ሱሪው አይመጣ፣ ነስሩ አይወጣ፣ ሽኩር አያራግፍ፣ አህያዋ አትነሳ፣ በሩ አይከፈት፣ እራት አይበላ።

ጉንዳን ወደ ስንጥቁ ተመለሰ። «የምታንኳኪው አንቺ ነሽ?»

«እኔ በሬን እየገፋሁ ነው። ማንኳኳቴ አይደለም።»

«ለሰው ያው ነው። ማነው ሲሉሽ መልሺ።»

«ምን ብዬ?»

«ሰው ሁሉ የሚለውን።»

ሸረሪቷ እንደገና ገፋች።

«ማነው?» አለች ዙበይዳ።

«እኔ ነኝ» አለች ሸረሪት።

«ታዲያ ቀድሞ እንዲህ አይባልም?» አለች ዙበይዳ፣ ትከሻዋን ከበሩ እያነሳች። «እኔ» ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። በዚያ አገር ይህን የሚጠይቅ የለም።

ዙበይዳ ወጣች፣ ሱሪው መጣ፣ ነስሩ ወጣ፣ ሽኩር አራገፈ፣ አህያዋ ተነሳች፣ በሩ ተከፈተ።

ጉንዳን እንኳን ደስ ያለሽ ሊላት ደጃፏ ላይ ቆሞ ነበር።

እራት ተበላ።